ገደኛው አልጋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «እፎይ አልሽ አይደል?» ይሉኛል። እኔም «እፎይ» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ስቀመጥ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው፤ የሰው እጅ የሚበዛበት እዚያ ነዋ። ባለቤቴ «አስካለ፣ ኧረ በማርያም፣ ሰው ቤት ነው ያለነው» እያለ በክርኑ ይጎስመኛል። ምን ላድርግ? ዕድሜ ልኬን አንድ ሕመምተኛ የተነሣበትን አልጋ ለሚቀጥለው ሳሰናዳ ኖሬ፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ዓይኔ አልወጣም።

በቀደም የእህቴ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ፣ ወልቂጤ ወዳለው ሆስፒታል ሄድኩ። ፅዳቱን አሁን የሚሠራው ጨረታ ያሸነፈ ድርጅት ነው። ልጆቹ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ከነቆቡ ለብሰው፣ ጎማ ያለው ባልዲ እየገፉ ሲያልፉ ያምራሉ። በእኛ ጊዜ የባልዲው ጎማ ወገባችን ነበር። አንዷ ከእህቴ ልጅ አጠገብ የተለቀቀ አልጋ ልታጸዳ መጣችና ከላይ ጀምራ ወደ ታች ስትወርድ፣ ጨርቋን ስታገላብጥ አይቼ ደስ አለኝ። «ጎበዝ!» አልኳት።

«ሥራውን ያውቁታል እንዴ፣ እማዬ?» አለችኝ።

«ትንሽ ትንሽ» አልኳት። ልትሄድ ስለቸኮለች ሌላ አልጨመርኩም። ጊዜ ብታገኝ ኖሮ የምነግራትን ነው አሁን የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግኩት እንሴኖ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እናቴ ገበያ እየወጣች በርበሬ ትሸጥ ነበር። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቡታጅራ አክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። እዚያ ሳለሁ አንድ የጤና ተቋም ፅዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። የሚቀጥሩት ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ደም ስታዪ ትደነግጫለሽ?» አሉኝ። «የበግ ደም ለምጃለሁ» አልኳቸው። ሳቁና ቀጠሩኝ። ደመወዙን እንኳ ባልናገረው ይሻላል፤ ለወሬም አይበቃም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ አበራሽ ናቸው። ከወሎ መምህር ባላቸውን ተከትለው መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ ቡታጅራ የቀሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው አይሰማ እንጂ ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ያለ የሸረሪት ድር አያመልጠውም። ክፍል ሲገቡ በቀጥታ ወደ ሥራ አይሄዱም። በር ላይ ቆመው «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ፤ ከዚያ ከሚጸዳው አልጋ አጠገብ የተኛውን ሰው «ላጽዳ ወይ? ውሃው አይረብሽህም?» ብለው ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። ባዶ አልጋ ለማጠብ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? አንድ ቀን ይህንኑ ብላቸው «ባዶው አልጋው ነው፤ ክፍሉ ሰው አለበት» አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንሶላውን ሳታራግፊ ወደ ውስጥ ጠቅልለሽ ታነሺዋለሽ፤ ካራገፍሽው በሽታውን ለክፍሉ ሁሉ አደልሽው ማለት ነው። ከዚያ ከአልጋው ራስጌ ጀምረሽ ወደ ግርጌ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ትሄጃለሽ። ጨርቁን አጥፈሽ ትይዥዋለሽ፤ አንዱ ፊት ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ታዞሪዋለሽ እንጂ ያንኑ እያሸሽ አትዞሪም። የአንዱ አልጋ ጨርቅ ሌላው አልጋ ላይ አይወጣም። ግሉኮስ የሚሰቀልበትን ብረት፣ የኮመዲኖውን እጀታ፣ የመብራቱን ማብሪያ፣ ሰው ሲነሣ የሚይዘውን የአልጋ ጠርዝ አትረሺም። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠው። እትዬ አበራሽ ሳሙናውን ዘልሎ ወደ በረኪናው የሚሮጥ ሰው አይወዱም። «በረኪና ገዳይ ነው እንጂ አጣቢ አይደለም» ይላሉ። «ገዳይ ደግሞ ጠላቱን እድፍ ከሸፈነበት ማንን ይገድላል?»

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማሸቱ አይደለም። በረኪናውን ካደረግሽ በኋላ አልጋው ራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሕመምተኛ ተቀምጧል፣ አስታማሚው ይጮኻል፣ ነርሷ ሰዓቷን ታያለች፣ አንቺ እርጥብ አልጋ አጠገብ እጅሽን አጣምረሽ ቆመሻል። ያየሽ ሁሉ ሰነፍ ናት ይልሻል። እኔ ችኩል ነኝ፤ በደረቅ ጨርቅ ወልወል አድርጌ ልገላገለው ስል እትዬ አበራሽ እጄን ያዝ ያደርጉኛል። 

በአገራችን ደግሞ አንድ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቅቤ። አራስ ራሷን ካልተቀባች አራስ አትመስልም። የታመመም ይቀባል፣ ያልታመመም ይቀባል። ቅቤው ከራስ ወደ ትራስ፣ ከትራስ ወደ ፍራሹ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ወደ ብረቱ ይወርዳል። ላየው ሰው ፍራሹ የሚያብረቀርቀው ንጹሕ ስለሆነ ይመስለዋል። እትዬ አበራሽ ግን ጣታቸውን ውሃ ነክረው ፍራሹ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ውሃው ጠፍጠፍ ብሎ ከተኛ ደህና ነው። ክብ ሠርቶ ከተንከባለለ ቅቤ አለ፤ ሥራው አላለቀም። «የገጠር ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ ያኔ። «የቅቤ ቅል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲጠራ አይተሻል?» አላየሁም። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ሳልይዝ አራስ የተኛችበት አልጋ ነክቼ አላውቅም፤ ከአንድ ቀን በቀር። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሥራው ወደ ወልቂጤ ሲያዞረው እኔም ዝውውር ጠየቅሁ። የዝውውሩ ወረቀት ስንት ጠረጴዛ እንደዞረ እግሬ ያውቃል። ወልቂጤ ስደርስ አለቃዬ የሆኑት አቶ ከድር፣ ደግ ሰው፣ አንድ እምነት ነበራቸው፤ ንጽሕና በአፍንጫ ነው የሚታወቀው የሚል። ከዞን እንግዳ ይመጣል ከተባለ «ሽታው ይሰማኝ!» እያሉ ኮሪደር ለኮሪደር ይሄዳሉ። እኛም በረኪናውን ወለሉ ላይ እንደፋለን፣ እንግዶቹም ዓይናቸው እያለቀሰ «በጣም ንጹሕ ነው» ብለው ይሄዳሉ። በኮሮና ጊዜ ደግሞ አገሩ ሁሉ አቶ ከድርን ሆኖ ቁጭ አለ። ባጃጁ፣ ሱቁ፣ የቀበሌው በር፣ ሁሉም በረኪና በረኪና። ያኔ እንኳ ሰው መንገድ ላይ «እትዬ አስካለ፣ እንዴት ነው የሚበጠበጠው?» እያለ ያስቆመኝ ነበር፤ ክብር ነው፣ አልጠላሁትም።

መጀመሪያ የሠራሁት ወንዶች የሚተኙበት ክፍል ነው። አንድ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ አረፉና ሬሳው ከወጣ በኋላ ታናሽ ወንድማቸው አልጋውን ይዞ ቆመ። አልሄድ አለ። እጁን ፍራሹ ላይ አድርጎ ያየዋል። እኔም ባልዲዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ቆይቶ «ምን ልታደርጊው ነው?» አለኝ። «ላጥበው ነው፣ አያ። ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ አድርጎ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘልኝ። አብረን ገለበጥነው። ሰው አልጋ ላይ ልቡን ትቶ እንደሚሄድ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ አራሶች ክፍል ተዛወርኩ። ጡረታ እስክወጣ የቆየሁትም እዚያው ነው። ማዋለጃው ከክፍሉ ጋር በአንድ በር ነው የሚገናኘው። እናቶች እዚያ ይወልዱና ወደዚህ መጥተው ይተኛሉ፤ ደህና ከሆኑ በማግሥቱ ይወጣሉ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ትዕግሥት አዋላጅ ነርስ ናት። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ በሥራ ግን ማንም አይደርስባትም፤ ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ወደ ኋላ ይቀር ነበር።

በዚያ ክፍል መስኮት ሥር አንድ አልጋ ነበር። ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ የኖረች ሴት መንታ ወልዳ እዚያ ተኛች፤ ወሬው በየገጠሩ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አልጋው ገደኛ ተባለ። አያቶች የልጃቸው ወይም የምራታቸው ምጥ ሳይፋፋም መጥተው አልጋውን ይይዛሉ። እዚያ ላይ ያለችው አራስ ስትወጣ ያስታመመቻት አሮጊት የራስጌውን ብረት ቅቤ ትቀባና «ለተከታይዋም ይቅናት!» ብላ ትመርቃለች። ተከታይዋ ደግሞ የአልጋው ሙቀት ሳይበርድ ጋቢዋን ማንጠፍ አለባት። ውሃ ከነካው ገዱ ይሄዳል ባዮች ናቸው።

እኔና አያቶቹ በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ፣ ስንሳሳቅም እንውላለን። «ገዱ ብረቱ ላይ ነው ፍራሹ ላይ?» እላለሁ። «ሁሉም ላይ!» ይሉኛል። «እንግዲያው ባልዲዬ ላይም ደርሷል፣ ከእሱ ልመልስበት» ብዬ እያሳቅሁ አጥብ ነበር። አብዛኛውን ቀን ይሳካልኛል። ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይባል የለ።

የገበያ ቀን ነበር። ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ቧንቧው ደርቋል፣ ሮቶው ባዶ ነው። ገደኛው አልጋ ላይ የነበረችው ሴት የተሰፋ ቁስሏ አመርቅዞ መድኃኒት ላይ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ለምነው፣ ፈርመው ሊወስዷት ነው። አልጋው ሲለቀቅ በደንብ እንዲታጠብ ሲስተር ትዕግሥት አደራ ብላኛለች። እኔ ጀሪካን ይዤ ከግቢው ጀርባ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ሴትዮዋ ሄዳለች፤ በአልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ተነጥፎ አንዲት አሮጊት መሐሉ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ነፊሳ ናቸው። ምራታቸው ረሂማ ማዋለጃው ውስጥ እያማጠች ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ይህ እስከ ወሩ የዘለቀ የመጀመሪያው ነው። ከጠዋት ጀምሮ በኮሪደሩ ለሁሉ ሰው ሲናገሩ ስለዋሉ ሁላችንም እናውቃለን።

«እማማ፣ አልጋው አልታጠበም። ትንሽ ይነሡልኝ» አልኳቸው።

«ምኑ ይታጠባል፣ ልጄ? ንጹሕ ነው። እዪው።»

«በዓይን አይታይም እኮ። የቀድሞዋ ሴት ቁስል ነበረባት።»

«በዓይን የማይታየውን አላህ ያያል» አሉኝ። አልተቆጡም። እጄን ይዘው ነው የሚለምኑኝ። «ምራቴ ሁለት ጊዜ አጥታለች። ይህን አልጋ ስንቱን ለምኜ ነው ያገኘሁት። አሁን ገዱን ልታጥቢብኝ ነው?»

ወደ ማዋለጃው ሮጥኩ። ሲስተር ትዕግሥት ደም የሚፈስሳት ሌላ ሴት ላይ ሁለት እጇን አድርጋ ትጫናለች። ፊቷን ሳታዞር «እትዬ አስካለ፣ መጣሁ፣ መጣሁ» አለች። ልትመጣ አልቻለችም፤ ያችን ሴት ለቅቃ ብትመጣ ሴትዮዋ ትሞታለች። ተመልሼ እንደገና ለመንኩ። እማማ ነፊሳ ጋቢውን ጨብጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሌሎቹ አያቶችም «ተያት ባክሽ፣ ምን አለበት» አሉኝ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ረሂማ በተሽከርካሪ ወንበር ወጣች። ፊቷ ወረቀት መስሏል፤ በሻል የተጠቀለለ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። እማማ ነፊሳ ምራታቸውን ሊቀበሉ ሲነሡ እኔ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ፣ ከባልዲዬ ያነሣሁትን የበረኪና ጨርቅ ፍራሹ ላይ አሳለፍኩ። ለሳሙና ጊዜ የለም። በረኪናው በቅቤው ላይ እንደ ባቄላ ሲንከባለል እያየሁ ረሂማን አስተኟት።

በማግሥቱ ደስ ብሏቸው ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኑን እንደ እሳት እያተኮሰው ይዘውት መጡ። እትብቱ ዙሪያ ቀልቶ አብጧል። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ልጁ አልተረፈም።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ለሲስተር ትዕግሥት «ከምን እንደያዘው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ከአልጋው ሊሆን ይችላል፤ ከቤትም ሊሆን ይችላል» ሲላት እኔም ነበርኩ። እማማ ነፊሳም ነበሩ። ሐኪሙ እውነቱን ነው፤ አይታወቅም። እማማ ነፊሳ ግን «ከአልጋው» የሚለውን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አዩኝ ብቻ። ያ ፊታቸው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ረሂማ ግድግዳውን ተደግፋ ጡቷ ወተት አፍስሶ ቀሚሷን አርሶት ነበር፤ እሷም አላለቀሰችም። እኔ ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በእረፍት ቀኔ ቡታጅራ ሄድኩ። እትዬ አበራሽ ጡረታ ወጥተው፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቤት አይወጡም ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሳሙና አስተማርኩሽ፣ በረኪና አስተማርኩሽ» አሉ። «አልጋው ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በሳሙና አይነሣም። ልቡ የፈራን ሰው እንዴት እንደሚያስነሡት እኔም አላስተማርኩሽም። አላውቀውማ።» ከእሳቸው አፍ «አላውቅም» ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሊያጽናኑኝ ብለው የተናገሩት አልመሰለኝም፤ ግን አጽናናኝ።

ሲስተር ትዕግሥትም የልጁ ሞት አሳዝኗት አንድ ትእዛዝ አወጣች፤ ከእንግዲህ በዚህ ክፍል ቅቤ የሚባል አይገባም። ጥበቃው በር ላይ ሳህን እየከፈተ ማሽተት ጀመረ። ያመጣው ነገር ምን ሆነ መሰላችሁ? ቅቤው በገንፎ ሥር ተደብቆ መግባት ጀመረ። ከዚያም ባሰ ሁኔታ፣ እናቶች ከወለዱ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደማቸው ሳይቆም ሾልከው ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመሩ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አልመጡም። «ራስ የማይቀቡበት ቤት እንዴት ይወለዳል?» እያሉ።

ሲስተር ትዕግሥት ግትር አይደለችም። አንድ ቀን አያቶቹን ግቢው ሣር ላይ ሰብስባ መሐላቸው ተቀመጠችና «እናቶቼ፣ ቅቤውን ጠልቼ አይደለም። ቅቤ ያለበትን ፍራሽ እትዬ አስካለ ብታጥበውም አይጠራላትም። እናንተው ምከሩኝ» አለቻቸው። ከዚያ የሆነውን ጫጫታ ባያችሁ! አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ጉራጊኛ፣ አንዱ ስልጢኛ። መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር አሮጊት ተነሥተው «ገዱ በቅቤው ከሆነማ፣ ገበያ ላይ በኪሎ እንገዛው ነበር!» አሉና ሁሉም ሳቀ። ተስማሙ። ራስ ይቀባል፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ይደረግና በሻሽ ይታሰራል። ብረት አይቀባም። ምርቃቱ ግን አይቀርም፤ የምትወጣዋ አያት አልጋው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በቃሏ መርቃ ለተከታይዋ ታስረክባለች። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ሕግ የትም አልወጣም።

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም። የመስኮቱ ሥር አልጋ ገደ ቢስ ተባለ። የረሂማ ልጅ ወሬ የመንታዎቹ ወሬ ከደረሰበት ራቅ ብሎ ደረሰ። አልጋ ሲጠብ ሁለት እናቶች ባንድ አልጋ እግርና ራስ ሆነው ይተኛሉ እንጂ እሱ ላይ የሚተኛ የለም። ሲስተር ትለምናለች፣ እነሱ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግን በየቀኑ አጥበዋለሁ። አቶ ከድር አንድ ጊዜ «ማንም ላልተኛበት ምን በረኪና ታባክኛለሽ?» አሉኝ። «አቧራ ገደ ቢስ አይልም፣ ጋሼ፤ ይተኛበታል» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እሱ ብቻ አልነበረም። ያንን አልጋ ሳላጥብ ወደ ቤቴ መሄድ አልችልም ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ክፍሉ እንደገና ጢም ባለበት አንድ ጠዋት፣ ኮሪደሩ ላይ እማማ ነፊሳን አየኋቸው። ከስተዋል። «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኳቸው፤ «ወዐለይኩም ሰላም» ብለው ዓይናቸውን ሰበሩ። ረሂማ ማዋለጃው ውስጥ ነበረች። ዞሬ አልጋዎቹን ተመለከትኩ፤ ሁሉም ተይዘዋል፣ ገና አሁን የተለቀቁት ሁለቱ ደግሞ በሳሙና ርሰዋል። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሰው የሌለበት አንድ ብቻ ነበር። የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ረሂማ በወንበር ወጣች። ሴት ልጅ ነበረች የወለደችው፣ ድምፅዋ ክፍሉን የሚሞላ። ማንም እልል አላለም። ሁሉም መስኮቱን ያያል። ሲስተር ትዕግሥት ጎንበስ ብላ «ረሂማ፣ ትንሽ ብትታገሺ እነዚያ ይደርቃሉ። ወንበሩ ላይ ግን ብዙ መቆየት የለብሽም፣ ደም ይፈስሻል» አለቻት። እማማ ነፊሳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

ረሂማ አልጋውን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ያወቀችኝ አልመሰለኝም ነበር፤ አውቃኛለች።

«አጥበሽዋል?» አለችኝ።

«ዛሬ ጠዋት በእጄ አጥቤዋለሁ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሳላጥበው አላደርኩም» አልኳት። 

«እንግዲያው አስተኙኝ» አለች።

እኔና ሲስተር ይዘን አስተኛናት። ልጅቱን ደረቷ ላይ አደረገችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ሌሊት ቤቴ ሆኜ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሷ ነው። ልጅቱ ትጠባለች፤ እትብቷ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት የለም። በማግሥቱም ያው። ሲስተር ትዕግሥት ፈርታ ከሌሎቹ አስበልጣ አቆየቻት፤ ሐኪሙም መጥቶ አገላብጦ አየና «ይሂዱ፣ ምንም የላትም» አለ። እማማ ነፊሳ ያኔ ነው እልል ያሉት፤ ለብቻቸው፣ በደከመ ድምፅ። ክፍሉ ተቀበላቸው።

ረሂማ ልጇን ታቅፋ ከአልጋው ወረደች። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃታል። ገና እግሯ ወለል ሲነካ ወሬው ወጥቶ ኖሮ፣ አንዲት እናት ቀይ ብርድ ልብስ አቅፋ ሰዉን እየገፋች ገባች። ልጇ ማዋለጃው ውስጥ ናት። «አሳልፉኝ! አሳልፉኝ! ገዱ ተመልሷል!» እያለች ብርድ ልብሱን ልትዘረጋ ስትል እማማ ነፊሳ በትራቸውን አልጋው ላይ ጋደም አደረጉት።

«ቆዪ፣ ልጄ። መጀመሪያ ይታጠባል።»

«እማማ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ብዬ ነው!»

«ይብረድ» አሉ እማማ ነፊሳ። በትሩን አላነሡም። «እኔ ባለፈው በትኩሱ ነበር ያስተኛኋት።»

ሴትዮዋ አየቻቸው፤ ማን እንደሆኑ ሲገባት ብርድ ልብሷን ቀስ ብላ አጠፈችና ኮሪደሩ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እማማ ነፊሳ ምራታቸውን «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እደርሳለሁ» ብለው ሸኟትና አልጋው ራስጌ ቆሙ። አጥቤ እስክጨርስ፣ እስኪደርቅም ድረስ እዚያው ነበሩ።